በመንዝ ደጋ ፀሐይ ሥር፦ ጠጋኙና አሻጋሪው ፖሊሜሬዝ

በመንዝ የሚገኘው የጓሳ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚልቅ ከፍታ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ብርዱ ቢያዘናጋም የደጋው እረኛ ቆዳ ብርቱ ጨረር ያርፍበታል። ጨረሩ በዲኤንኤ ሰንሰለት ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይሚኖችን ያጣብቃል፤ ይህ ጥንድም ለመቅጃ ኢንዛይሞች እንቅፋት ይሆናል።

የመንዝ ገብስ ፎቶላዬዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው፣ የዚያችኑ ፀሐይ ሰማያዊ ብርሃን ተጠቅሞ ጥንዱን በቀጥታ ይፈታል። እረኛው፣ በጉና ጭላዳው ግን ይህ ኢንዛይም የላቸውም፤ የእንግዴ ልጅ ያላቸው አጥቢዎች በዝግመተ ለውጥ አጥተውታል። በእነርሱ ዘንድ ጉዳቱን የያዘው ወደ 30 ኑክሊዮታይድ የሚጠጋ ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል። በተለይ ፖሊሜሬዝ ዴልታ እና ኤፕሲሎን ጤነኛውን ሰንሰለት አብነት አድርገው ክፍተቱን ይሞላሉ፤ ላይጌዝም ጫፉን ያያይዛል። ሁለቱም የተሳሳተ ኑክሊዮታይድ ሲያስገቡ መልሰው የመንቀል ችሎታ አላቸው።

ይህ ጥንቃቄ ግን ጣጣ አለው። ጥገናው ሳይጠናቀቅ ሕዋሱ ዲኤንኤውን መቅዳት ከጀመረ፣ ጥንቁቆቹ ፖሊሜሬዞች ጥንዱ ዘንድ ሲደርሱ ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ ተራውን የሚረከበው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ማንነቱ የተለየው ፖሊሜሬዝ ኢታ ነው። የመሥሪያ ቦታው ሰፊ በመሆኑ የተጣበቁትን ታይሚኖች ተቀብሎ በአንጻራቸው ሁለት አዴኒኖችን በትክክል ያስገባል። የሚገርመው፣ ባልተጎዳ ዲኤንኤ ላይ ሲሠራ ስሕተቱ ብዙ ነው፤ የራሱን ስሕተት የማረም ችሎታም የለውም። በብዙ ጽሑፎች ከጠጋኞች ቢቆጠርም፣ በጠባቡ ትርጉም ጠጋኝ ሊባል አይገባውም፤ ጥንዱ ባለበት እንዳለ ያልፈዋልና።

ልዩነቱ የስያሜ ክርክር ብቻ አይደለም። ኢታ የሌላቸው ሰዎች የዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም በሽታ አንድ ልዩ ዓይነት ይይዛቸዋል። ለሥራው ያልተመቹ ሌሎች ፖሊሜሬዞች ስለሚተኩት ሚውቴሽን ይከማቻል፤ የቆዳ ካንሰርም ይከተላል። በሌሎቹ የበሽታው ዓይነቶች ብዙ ሕፃናት በጥቂት ፀሐይ ክፉኛ ይቃጠላሉ፤ በዚህኛው ግን ቃጠሎው እምብዛም ስለማይታይ፣ በደጋ አገር የፊት ነጠብጣቡ የተለመደ የፀሐይ ምልክት ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቤተ ሙከራም ቢሆን ሊያዘናጋ ይችላል፦ ጉዳቱ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የሚካሄደውን የዲኤንኤ ሙሊት የሚለካው የተለመደው ምርመራ፣ የእነዚህ ሕሙማን ጠጋኝ ፖሊሜሬዞች ጤነኞች በመሆናቸው፣ ጉድለት አያሳይም። ኢታን የሚሠራውን ዘረመል ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል።