የመጽሐፍ መፈለጊያ ፕሮግራምና የፓተንት መብት

ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጥ የኮምፒዩተር መፈለጊያ ፕሮግራም እንደ ወረቀትና እንደ ጠረጴዛ ዋጋው ሲከፈል ነገሩ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላም የሌላ ሰው መብት ሊከተለው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልመረመረ ነጋዴ ትርፍ አገኛለሁ ሲል ከኪሣራ ላይ ይወድቃል።

በፕሮግራም ላይ ሁለት ዓይነት መብት ይገኛል። አንደኛው የቅጂ መብት ሲሆን፣ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው፤ ሌላው ሰው ሳይገለብጥ በራሱ ድካም ቢጽፍ አይጠየቅም። ሁለተኛው ፓተንት ሲሆን፣ የሚጠብቀው የአሠራሩን ዘዴ ነው፤ ያንኑ ዘዴ በገዛ አእምሮው ያገኘ ሰው እንኳ ከመጠየቅ አይድንም። በአሜሪካ ሕግ የሚከለከለው መሥራትና መሸጥ ብቻ ሳይሆን፣ መጠቀምና ወደ አገር ማስገባትም ጭምር ስለ ሆነ፣ ገዥውም ሊከሰስ ይችላል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ጥናት ሲደረግ፣ ላሪ ፔጅ የተባለው ተማሪ ፔጅራንክ የተሰኘውን ዘዴ አወጣ። ዘዴው አንድን ጽሑፍ የሚጠቅሱትን ሌሎች ጽሑፎች ብዛትና ክብደት መዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። ጽሑፍን በጠቃሾቹ መመዘን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ጽሑፎችን የጥቅስ ማውጫ አሳትሞ ነበር። ሆኖም ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ1998 ቀርቦ፣ ፓተንቱ በ2001 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ጉግልም ለብቻው የመጠቀም ፈቃድ አገኘ። ዩኒቨርሲቲው በለውጡ የተቀበለውን አክሲዮን ሸጦ ከ330 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። የፓተንቱ ዘመን ዛሬ አልፎአል፤ በጸናበት ጊዜ ግን ያንን ዘዴ በአሜሪካ ያለ ፈቃድ በካታሎግ መፈለጊያ ላይ ማዋል የሚያስጠይቅ ነበር።

በነጻ የሚታደል ፕሮግራምም ቢሆን ከዚህ ሥጋት ውጭ አይደለም። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ኮሃ በደራሲዎቹ ፈቃድ በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን ደራሲዎች የሚፈቅዱት የራሳቸውን እንጂ የሦስተኛ ወገንን መብት አይደለም።

ፓተንት ከሰጪው አገር ድንበር አያልፍም። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 123 ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች አስወጥታ፣ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 በቅጂ መብት እንዲጠበቅ አደረገች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014፣ ረቂቅ ሐሳብን በተራ ኮምፒዩተር መፈጸም ብቻውን ፓተንት አያሰጥም ሲል ፈረደ፤ በሩ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም።

እንግዲህ አስመጪ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ የፓተንት ክስ ቢነሣ ወጪውን ሻጩ እንደሚችል፣ ፕሮግራሙ ቢታገድም ሌላ እንደሚተካ ወይም ዋጋውን እንደሚመልስ በጽሑፍ ያስገባ። ፕሮግራም ሠርቶ ወደ ውጭ የሚልክ ደግሞ የአገሩን ሕግ ብቻ ተማምኖ አይላክ፤ የሚዳኘው ዕቃው በሚደርስበት አገር ሕግ ነውና።