ሼልን በስሙ አትመኚው

ልጄ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከምድር በታች ማከማቸትን ልታጠኚ መነሣትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ኖርዌይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ባሕር፣ ስላይፕነር በተባለ ስፍራ፣ ይህንኑ ጋዝ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ታስገባለች። ከላይ ከድኖ እንዳያመልጥ የያዘው ሼል ነው። እምነት የተጣለበት ድንጋይ ነውና ጠንቅቀሽ እወቂው።

1. መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ጠይቂ። አንዱ ሼል በሸክላ ማዕድን፣ ሌላው በኳርትዝ፣ ሌላው በካልሳይት የበለጸገ ነው። የኤክስሬይ ምርመራውን ሳታዪ ስለ ጋዙ አትናገሪ።

2. ልኩን አትርሺ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ስፋቱ 0.33 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሁለት ናኖሜትር በሆነች የሼል ቀዳዳ ውስጥ ስድስት ያህሉ ቢደረደሩ ቦታው አለቀ። ስለዚህ ጋዙ የሚውለው ከግድግዳው ጋር ነው፤ የግድግዳው ማዕድን ጠባዩን ይለውጠዋል።

3. ኬሮጅንን በማነሱ አትናቂው። ይህ የጥንት ሕያዋን ቅሪት ከድንጋዩ ክብደት ጥቂት መቶኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ግን ብዙ ጋዝ ይይዛል፤ ከሚቴን ይልቅም ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥብቆ ይስባል። ኳርትዝ የሚይዘው ትንሽ ነው።

4. ሸክላውን ከነእርጥበቱ መርምሪ። ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን በንብርብሮቹ መካከል ሰፊ ገጽ አለው፤ ካኦሊናይት የተባለው ግን ያን ያህል የለውም። ምድጃ ውስጥ የደረቀ ናሙና ብዙ ጋዝ ይቀበላል። ከመሬት በታች ግን ውሃው ቀድሞ እንደገባ እንግዳ መቀመጫውን ይዞታል። በደረቅ ናሙና ቁጥር ስለ እርጥብ ድንጋይ አትመስክሪ።

5. ካልሳይትን ፈትኚ። የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጊበት፤ ከተንተከተከ አለ ማለት ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአጉላ ሼል ከኖራ ድንጋይ ጋር ተነባብሮ ስለሚገኝ ለመለማመድ ይመቻል። ጋዙ ከውሃ ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ካልሳይቱን አሟሙቶ ቀዳዳውን ሊያሰፋው ይችላል፤ የሟሟው ሌላ ቦታ ሲዘቅጥ ደግሞ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። የቱ እንደሚያይል ሳታረጋግጪ "ክዳኑ አስተማማኝ ነው" አትበዪ።

6. ቁጥርሽን ብቻውን አትልቀቂው። ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ73.8 ባር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ፈሳሽ ጥቅጥቅ ይላል፣ እንደ ጋዝ ደግሞ ይሠራጫል። ስለዚህ ከውጤትሽ አጠገብ ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ እርጥበቱንና ማዕድኑን ጻፊ። እኛ የቀበርነውን ጋዝ የሚጠብቁት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው፤ ምን ላይ ተማምነን እንደቀበርነው የማወቅ መብት አላቸው።