ጉዳት ደረሰ ማለት ካሳ ተገኘ ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2008 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ20 ዓመት በጎ ፈቃደኛ የእግር ኳስ ረዳት አሰልጣኝ ኳስ ሊያነሳ ወደ ጎሉ ሄዶ ዘሎ አግዳሚውን ብረት ያዘ። ጎሉ መሬት ላይ አልታሰረም ነበር። ወጣቱ በጀርባው ሲወድቅ ብረቱ ፊቱ ላይ አርፎ አጥንቱን ሰባበረው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጁሪው የእግር ኳስ ማኅበሩ ጥፋተኛ ነው፣ ጉዳቱን ያደረሰውም ይኸው ጥፋት ነው አለ። ነገር ግን ወጣቱም በመንጠልጠሉ የራሱ ጥፋት አለበት አለ። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ሳንቲም ሳያገኝ ቀረ፤ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2013 ውሳኔውን አጸናው።

ይህ ፍርድ ለአገር ቤት ሰው ግራ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጎጂው በከፊል ጥፋተኛ ሲሆን ካሳው ይቀነስ እንጂ ጨርሶ ይቅር አይልም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችም እንደዚያው በመቶኛ ያካፍላሉ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በማክዶናልድስ ቡና በተቃጠሉት የ79 ዓመት አዛውንት ጉዳይ በ1994 ጁሪው 20 በመቶውን ጥፋት በእሳቸው ላይ ቢያደርግም፣ ለጉዳታቸው ከተወሰነው 200,000 ዶላር የተቀነሰው ያው 20 በመቶ ብቻ ነበር።

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ከአላባማና ከሰሜን ካሮላይና ጋር የድሮውን ደንብ ይዘው ቀርተዋል። እዚያ ተጎጂው 1 በመቶ እንኳ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ከተባለ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ በመኪና የተገጩ እግረኞችንና ብስክሌት ነጂዎችን ከዚህ ደንብ አውጥታለች፤ የእነሱ ጥፋት ከተከሳሾቹ ጥፋት ድምር ካልበለጠ ካሳቸው አይቀርም።

ስለዚህ ግጭት ሲደርስ ከአፍ የሚወጣው ቃል ራሱ ማስረጃ ነው። ለጨዋነት ተብሎ የሚባል «ይቅርታ፣ አላየሁህም» በኋላ እንደ እምነት ቃል ሊነበብ ይችላል። ሌላውን ሰው «ተጎድተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ 911 መደወል፣ ለፖሊሱ የታየውን ብቻ መናገር ይበቃል። «ምናልባት እኔ ፈጥኜ ይሆናል» ዓይነት ግምት እዚያ ቦታ የለውም።

የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ነው። ሌላው ወገን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንደነበረበት፣ ያን ግዴታ እንደጣሰ፣ ጥሰቱ ጉዳቱን እንዳስከተለና የጉዳቱ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ማሳየት አለበት። እንደ ወንጀል ክስ ጥርጣሬን ሁሉ ማስወገድ አይጠበቅበትም፤ ነገሩ ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ የሚያመዝን ከሆነ በቂ ነው።

ከአራቱ ብዙ ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። ሰውየው በግጭቱ ዕለት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ አንገቱ አልዞር ይለዋል፤ የሥራ ጫና በዝቶበት፣ የሕክምናውንም ወጪ ፈርቶ ሦስት ሳምንት ይታገሳል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች (አድጀስተር) የሚጠይቀው ጥያቄ ዝግጁ ነው፦ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ዕቃ ሲያነሳ ያመመው ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ የተከፈተ የሕክምና መዝገብ ይህን ጥያቄ በእጅጉ ያዳክመዋል። ቀድሞ የነበረ የወገብ ሕመምም አይደበቅ። ሕጉ የነበረውን በሽታ ያባባሰን ሰውም ተጠያቂ ያደርጋል፤ የደበቀ ግን ሲገኝበት በሌላው ቃሉም አይታመንም።

ሱቅ ውስጥ አዳልጦት የወደቀ ሰው ደግሞ ወለሉ እርጥብ እንደነበር ብቻ ማስረዳቱ አይበቃም። ባለሱቁ ውሃውን ያውቅ እንደነበር፣ ወይም ሊያውቀው እስኪችል ድረስ ፈስሶ እንደቆየ መታየት አለበት። ዳር ዳሩ የደረቀ፣ የጫማና የጋሪ ጎማ ፈለግ ያለበት ኩሬ ፎቶ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። የሱቁ ካሜራ ቅጂ በአጭር ጊዜ ስለሚጠፋ እንዲቆይ የሚጠይቅ ደብዳቤ በቶሎ መላክ አለበት።

ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መንገዱ ሌላ ነው። ወርከርስ ኮምፕ የሚባለው መድን የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠይቅም፤ ጉዳቱ ከሥራው የመነጨ መሆኑን ግን ይጠይቃል። ቨርጂኒያ በዚህ ጥብቅ ናት። ምንም ጉድለት የሌለበት ደረጃ ላይ በገዛ እግሩ የተደናቀፈ ሠራተኛ፣ የሥራ ሰዓት ስለሆነ ብቻ አይከፈለውም። ደረጃው እርጥብ ከነበረ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ከነበረ ይህንኑ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ማስጻፍ አለበት። አሠሪውም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማወቅ አለበት። የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ስለማይባሉ ይህ መድን አይደርሳቸውም። ለእነሱ ግጭቱ ሲደርስ አፑ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ ወይስ ጉዞ ተቀብሎ መሆኑ የትኛው ኢንሹራንስ እንደሚከፍል ስለሚወስን የስልኩን ገጽ ስክሪንሾት ማድረግ ይጠቅማል።

ቀኑ ካለፈ ጥሩ ማስረጃም አያድንም። የአካል ጉዳት ክስ በቨርጂኒያ በ2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ በአብዛኛው በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ተጠያቂው መንግሥት ከሆነ ከክሱ በፊት ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለዲሲ አስተዳደርና ለቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች 6 ወር፣ ለሜሪላንድ ካውንቲዎችና ከተሞች 1 ዓመት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ደውሎ ድምፅ ልቅዳ ቢል እሺ የማለት ግዴታ የለም፤ ጠበቃ እስኪገኝ «አሁን አልችልም» ማለት ይቻላል። የጉዳት ጠበቆች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ካሸነፉ ሲሆን ድርሻቸው ብዙውን ጊዜ ሲሶ ነው፤ ክሱ ወደ ችሎት ከሄደ ከፍ ሊል ይችላል። ውሉ ላይ የሕክምና መዛግብትና የባለሙያ ምስክር ወጪ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ መነበብ አለበት። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይቻላል፤ ሕክምና ላይም ልጅን ከማስተርጎም ይልቅ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል፣ ሐኪሙ የሚጽፈው የተነገረውን ነውና።

በመጨረሻ የሚመጣው የሴትልመንት (የካሳ ስምምነት) ወረቀት ነው። ከተፈረመ በኋላ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ተመልሶ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ሕክምናው ማለቁን ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲገልጽ ማድረግ፣ ሜዲኬይድ ወይም ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የከፈለው ካለም ከካሳው የሚወስደው መጠን ስንት እንደሆነ ከፊርማው በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።