በበሽታ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሲታይ

በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ሳዑዲ የአፍሪካ ቀንድን ቁም እንስሳት አገደች። እገዳው ለዓመታት ቆየ፤ የበርበራ ወደብም ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ ነጋዴው ወሬ ከሚጠብቅ ስልኩን ከፍቶ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትን የበሽታ ካርታ፣ ዋሂስን፣ ማየት ይችላል።

ካርታው ግን ያልተነገረውን አያሳይም። ነጥብ የሚወጣው የአገሩ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ሲያሳውቅ ነው። ድንገተኛ በሽታ ከተረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መነገር አለበት። ችግሩ ያለው ከማረጋገጡ በፊት ነው፤ ናሙናው ከአርብቶ አደሩ መንደር ላቦራቶሪ እስኪደርስ ከብቱ ሞያሌን ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ባዶ ቦታ ንጹሕ ቦታ ማለት አይደለም፤ መርማሪ ያልደረሰበትም ባዶ ነው።

ከሩቅ ሲታይ የተቀራረቡ ነጥቦች ይደራረባሉ። አጉልቶ ቦታውን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ቀኑን ማንበብ ይገባል። በሽታው የጀመረበትና ሪፖርት የተደረገበት ቀን ይለያያሉ፤ ለነጋዴው የሚበጀው የመጀመሪያው ነው።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከከባድ ዝናብ በኋላ በትንኝ ይዛመታል። በዚያ ወቅት በጎች በብዛት ጨነገፉ ከተባለ (የጨነገፈውን በባዶ እጅ መንካት ለሰውም አደገኛ ነው)፣ ካርታው ባዶ ቢሆንም ከመጫን በፊት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም መደወል ነው።