የአኳሪየም ዕፅዋትን ወደ ጓሮ ኩሬ ማዛወር

በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለምልሞ የኖረ የውኃ ተክል ወደ ጓሮ ኩሬ በተዛወረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሎቹ ነጥተው ሲበሰብሱ ይታያል። ብዙዎች በኩሬው ውኃ ያሳብባሉ። ይሁን እንጂ ዋነኛው ምክንያት ቅጠሉ ያደገበት አካባቢና አሁን የገባበት አካባቢ እጅግ መለያየታቸው ነው።

በመጀመሪያ ብርሃንን እንመልከት። በቤት ውስጥ የሚገኝ አኳሪየም የሚያገኘው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺህ ሉክስ አይበልጥም፤ የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። በደብዛዛ ብርሃን ያደገ ቅጠል ድንገት የሚወርድበትን ኃይል በሙሉ ለምግብ ዝግጅት ሊያውለው አይችልም። ትርፉ ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች እንዲፈጠሩ ስለሚያደርግ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ማለትም ክሎሮፊል፣ ይወድማል።

ሁለተኛው የቅጠሉ አሠራር ነው። በውኃ ውስጥ የበቀለ ቅጠል ስስ ከመሆኑም በላይ ውኃ እንዳይተን የሚከላከለው ሰም መሰል ሽፋን እጅግ የሳሳ ነው። በመሆኑም እንደ ኢኪኖዶረስ ያለ ተክል ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ እንዲያድግ ሲደረግ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ይደርቁና ለአየር የተስማሙ አዳዲስ ቅጠሎች ይተኳቸዋል። ሥሩና የመሐል ቡቃያው ጤናማ እስከሆኑ ድረስ ይህ የሞት ምልክት አይደለም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የአኳሪየም ዕፅዋት የሞቃት አገሮች ተወላጆች ናቸው። በአዲስ አበባ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሌሊቱ ሞቅ የሚልባቸው መጋቢትና ሚያዝያ ለዝውውሩ ይመረጣሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ተክሉ በአኳሪየሙ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ለአንድ ሳምንት በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በየቀኑም ጥቂት የኩሬ ውኃ ይጨመርበታል። በሁለተኛው ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ እንዲያገኝ ይደረጋል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኩሬው ይገባል። አንዱን ተክል ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ያለ ልምምድ በቀጥታ ኩሬ ውስጥ በመትከል ልዩነቱን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከአዲሱ አካባቢ ጋር የተላመደ ተክል ከኩሬው ሊያመልጥ ይችላል። የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ የሆነው እምቦጭ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው በአበባው ውበት ምክንያት ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነበር። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መከሠቱ ታውቆ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን ለብርቱ ችግር ዳርጓል።

እንግዲህ ኩሬው በክረምት ሞልቶ ወደ ወንዝ የሚፈስ ከሆነ የባዕድ አገር ተክል ሊገባበት አይገባም። የተነቀለ ትርፍ ተክልም ከውኃ ርቆ በፀሐይ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ይሰጣ እንጂ ወደ ቦይ አይጣል። አንዲት ቁራጭ ግንድ ለአዲስ ወረራ መነሻ ልትሆን ትችላለችና።