ውሃው የት ሄደ?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ ግን ያላየነውንም ቢሆን ማስተማራችን አይቀርም። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት በማስተማር ልምምድ ጊዜ ለ4ኛ ክፍል ልጆች «ባሕር ማለት በጣም ትልቅ ሐይቅ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አባቱ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ አባዬ ባሕሩ ጧት ቅርብ ነው፣ ከሰዓት ይሸሻል ብሎኛል። ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም መልሱን ስለማላውቅ «ተረትህን ተውና ቁጭ በል!» አልኩት። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። በጥር ዕረፍት ጅቡቲ ያለችው አክስቴ ስትጠራኝ በባቡር ሄድኩ፤ ከዚያም ከቤተሰቧ ጋር በጀልባ ወደ ታጁራ ተሻገርን። ታጁራ ከጎዳ ተራሮች ግርጌ፣ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ጸጥተኛ ከተማ ናት። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ «የሰባት መስጊዶች ከተማ» ትባላለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው አፋሮች ናቸው። ጥንት ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ መነሻው እዚህ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1885 ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚሁ ሰንብቷል። መዋኘት የሚፈልግ ሰው በጥርና በየካቲት ቢሄድ ይሻለዋል፤ በእኛ ክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሳብል ብላን ወይም «ነጭ አሸዋ» በሚባለው የመዋኛ ዳርቻ ያየሁትን ለክፍል እንዲመች አድርጌ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሙላትና ጉድለት። ጧት ውሃው የሚነካው ድንጋይ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከምሳ በኋላ ስመለስ ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ድንጋዩ ደርቆ አገኘሁት። ምክንያቱ በተለይ የጨረቃ ስበት ነው። በአብዛኛው ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ ከ6 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ሁልጊዜ ጧት ቅርብ፣ ከሰዓት ሩቅ አይሆንም።

2ኛ/ ጨው። ዝናብና ወንዝ ከድንጋይና ከአፈር ጨው አጥበው ወደ ባሕር ያስገባሉ፤ ፀሐይ ግን ውሃውን ብቻ ታተናለች። አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ስለዚህ የባሕር ውሃ ዋናተኛን ከሐይቅ ውሃ ይበልጥ ያንሳፍፋል። ለማሳየት አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ እንቁላል ይበቃል፦ እንቁላሉ ይሰምጣል፤ ብዙ ማንኪያ ጨው ሲጨመር ይንሳፈፋል።

3ኛ/ ጥንቃቄ። ተማሪዎችን ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ሐይቅ የሚወስድ መምህር የሚከተሉትን አይርሳ፦
ሀ. ከመግባታቸው በፊትና ከወጡ በኋላ ይቁጠራቸው፤ እሱ ራሱ አይዋኝ፣ ይጠብቅ።
ለ. ውሃው ከልጁ ወገብ አይለፍ።
ሐ. በባሕር ዳር ያለ ጫማ አይግቡ፤ ኮራል ይቆርጣል፣ እሾሃማ እንስሳም አለ።
መ. የአገሩን ሰው የአለባበስ ልማድ ያክብሩ።

ከዕረፍት ስመለስ የክፍሉን መምህር አስፈቅጄ ወደዚያው ክፍል ገባሁ። «አባትህ ያዩት እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አልኩት። ምንም አልተናገረም። እንቁላሉን አንሳፍፌ ስጨርስ ግን እጁ ቀስ ብሎ ወጣ። «ታዲያ ጨረቃ የእኛን ሐይቅ ለምን አትስበውም?» አለ።

አሁንም አላወቅሁም። ግን «አላውቅም፤ አጥንቼ ነገ እነግርሃለሁ» አልኩ። በማግሥቱም ነገርኩት፦ ትስበዋለች፤ ዳሩ ግን ሐይቁ ከውቅያኖስ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ባሕርን «ትልቅ ሐይቅ» ማለቴ ስሕተት የሆነውም ለዚህ ነው።

ጓደኞቼ! ሁላችንም ታጁራ ድረስ መሄድ አንችልም። «አላውቅም» ለማለት ግን የመሳፈሪያ ገንዘብ አያስፈልግም።