የእንጀራ ምጣድን በማይክሮኮንትሮለር መቆጣጠር፤ የሪሌይ አቅምና የደኅንነት ጥያቄ

መግቢያ

የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን በማይክሮኮንትሮለር ለመቆጣጠር በተማሪዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው፣ 10 አምፔር የተጻፈበት ባለ 5 ቮልት ትንሽ ሪሌይ ነው። ይህ ምርጫ ለአምፖል ከበቂ በላይ ቢሆንም ለኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አደገኛ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን በስሌት አሳይቶ የተሻለ አሠራር ያቀርባል። መነሻ ሐሳቡ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊመዘን የሚገባው በታዘዘ ጊዜ በመብራቱ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ክፍሉ በተበላሸ ጊዜ በመጥፋቱ ጭምር ነው የሚል ነው።

የጭነቱ ስሌት

በአገራችን የሚሠራባቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳሉ። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 15.9 አምፔር ያህል ከረንት ይስባል። ይህም ከትንሹ ሪሌይ አቅም በግማሽ ያህል ይበልጣል። በተጨማሪም ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ያረጀ ኮንታክት 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ በ1 አምፔር 0.1 ዋት ብቻ የነበረው ሙቀት በ15.9 አምፔር 25 ዋት ይደርሳል። ይህን ያህል ሙቀት በአውራ ጣት በምታህል የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሲታመቅ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ የኮንታክቶቹም ብረት ቀልጦ ሊጣበቅ ይችላል። ኮንታክቱ ከተጣበቀ በኋላ ፕሮግራሙ «አጥፋ» ቢልም ምጣዱ መጋሉን ይቀጥላል።

ብሬከሩ ይህን አደጋ አይከላከልም። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 20 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር 16 አምፔርን እንደ ጤናማ ጭነት ስለሚቆጥረው፣ ሪሌዩ እየነደደ እንኳ ላይቆርጥ ይችላል።

የሚመከረው አሠራር

ከባዱን ጭነት ለኮንታክተር መስጠት፣ ትንሹን ሪሌይ ደግሞ የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ይገባል። በኮንታክተር ላይ ኤሲ-1 እና ኤሲ-3 የሚባሉ ሁለት የከረንት ደረጃዎች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው እንደ ምጣድ ላሉ ማሞቂያዎች፣ ሁለተኛው ለሞተር የሚያገለግል ነው። ለምጣድ በኤሲ-1 ደረጃ 25 አምፔር የሚችል ኮንታክተር በቂ ትርፍ አለው። ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት ተገልብጦ ሊሰካ ስለሚችል፣ ፌዝና ኒውትራልን በአንድነት የሚቆርጥ ኮንታክተር መምረጥ ያሻል። የመሬት ገመዱ ግን በማናቸውም ማብሪያ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ከምጣዱ የብረት አካል ጋር መያያዝ አለበት።

ኮንታክተርን በሶሊድ ስቴት ሪሌይ መተካት ይቻላል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። አንደኛ፣ በላዩ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ቮልት ስለሚቀር በ16 አምፔር ከ16 እስከ 24 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ ሙቀት የሚያስወግድ ሰፊ አሉሚኒየም ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ በርቶ ይቀራል።

የማይክሮኮንትሮለሩ ወገን

የትንሹ ሪሌይ ኮይል 70 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። የኤቲሜጋ 328ፒ አንድ ፒን ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ወሰን ግን 40 ሚሊአምፔር ነው። ስለሆነም በመካከላቸው ትራንዚስተር፣ በኮይሉ ላይም ሲጠፋ የሚፈጠረውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያበርድ ዳዮድ ያስፈልጋል። በወረዳ ሰሌዳው ላይ በ220 ቮልቱና በዝቅተኛው ቮልቴጅ መሥመሮች መካከል ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት መተው የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

በፕሮግራሙ በኩል፣ በዝቅተኛ ምልክት የሚበሩ የሪሌይ ሰሌዳዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፒኑ በመጀመሪያ «ውጤት» ተብሎ ከተሰየመና ከፍተኛ ምልክት የሚጻፍለት ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ በመካከሉ ለቅጽበት ዝቅ ስለሚል ሪሌዩ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ፕሮግራሙ የቀድሞውን ትእዛዝ ከማስታወስ ይልቅ ከ«ጠፍቷል» መጀመር አለበት፤ መብራት በሄደ ጊዜ ምጣዱን ትቶ የወጣ ሰው ሲመለስ የጋለ ምጣድ ሊጠብቀው አይገባምና።

ከፕሮግራሙ ውጭ ያለ መከላከያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተሟልተውም ኮንታክተሩ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ከምጣዱ ጋር በተከታታይ፣ ማይክሮኮንትሮለሩን የማይጠይቅ፣ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በራሱ የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ መግባት ይኖርበታል። ወደ መሬት የሚያፈስ ከረንትን በ30 ሚሊአምፔር ለይቶ የሚቆርጥ ብሬከርና በእጅ በቀላሉ የሚደረስበት ዋና ማጥፊያም የግድ ናቸው። ከኮንታክተሩ በኋላ ቮልቴጅ መኖሩን በኦፕቶካፕለር የሚያነብ ወረዳ ቢጨመር ደግሞ፣ «አጥፋ» ተብሎ ያልጠፋውን ምጣድ ፕሮግራሙ ራሱ ለይቶ ደወል ማሰማት ይችላል።

ማጠቃለያ

ከስሌቱ እንደታየው፣ ለአምፖል የሠራ ወረዳ ለምጣድ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ጭነቱን አስልቶ ኮንታክተር መምረጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጣዩና ዋናው ግን ማብሪያው ተጣብቆ ቢቀር ምጣዱን ማን ያጠፋዋል የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ «ፕሮግራሙ» ብቻ ከሆነ ንድፉ ገና አላለቀም፤ ሰው በሚኖርበት ቤት ሊገጠምም አይገባውም።